አባቴ ለእናቴ የሠራው ምድጃ

እናቴ ዓይኗን ያጣችው በአንድ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ የጠፋባት የጎን የጎኑ ነው። ፊት ለፊቷ የተጣደውን ድስት ታያለች፤ አጠገቡ ያስቀመጠችውን ማማሰያ ግን በእጇ እየዳሰሰች ትፈልጋለች። ከዚያ የደጃፋችን ደረጃ ያደናቅፋት ጀመር። "ይኼን ደረጃ ማን ነው ከፍ ያደረገው?" ስትል እንስቃለን፤ እሷም አብራን ትስቃለች። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ የሚወርደው ጉም ሰፈራችንን ሲሸፍነው "ዛሬስ በዛ" ትላለች። አንድ ቀን ግን ፀሐይ ግቢውን ሞልቶት ሳለ "ዛሬ ጉሙ አይገፈፍም መሰለኝ" አለችኝ። ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እጄ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እኔ ለአባቴና ለእናቴ ብቸኛ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ብዬ ሥራ እፈልጋለሁ። አባቴ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ጠዋት በሠራተኞች መኪና የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ማታ ሽቅብ ይመለሳል። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ በሸሚዝ ይውልና መኪናው ዳገቱን ሲያጋምስ ኮቱን ይደርባል። ዝምተኛ ሰው ነው። ብረት ሲያነጋግር እንጂ ሰው ሲያነጋግር ብዙ አይታይም።

እናቴ ደግሞ በሰፈሩ የምትታወቀው በእጇ ነበር። እጇ ይጣፍጣል ይባልላታል። ድግስ ያለበት ሰው ዳስ ከመጣሉ በፊት እኛ ቤት ይመጣል። በሰው ደጅ ስታልፍ አየሩን አሸት አድርጋ "ሽንኩርቱን ቸኩላችሁ በርበሬ ጨመራችሁበት" ትላለች፤ እውነትም ቸኩለው ይገኛሉ። ለዚህ ነው ሐኪሙ የነገረን ነገር ከሌላው ቤት ይልቅ እኛ ቤት የከበደው።

"የዓይን ግፊት ነው" አለን ሐኪሙ። "የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን።"

ሞከርን። ጠብታውን አላቋረጥንም። ጠበልም ወሰድናት። የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ከእናቴ ትንሽ የሚበልጡ ሙስሊም ሴት ናቸው፣ በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጉላት ነበር። የቀረው ግን አልቆየም። በዓመቱ ገደማ እናቴ መስኮቱ የቱ ጋ እንዳለ ከማወቅ በቀር የምታየው ነገር አልነበራትም።

ያም ሆኖ ወጥ መሥራት አላቆመችም። የምንጠቀመው እንደማንኛውም ሰው ጉልቻ ነው፤ ሦስት ድንጋይ መሬት ላይ፣ መሐሉ እሳት። አንድ ቀን ሽሮ ጥዳ እሳቱን እፍ ልትል ጎንበስ ስትል የነጠላዋ ጫፍ እሳቱ ውስጥ ገባ። እኔ በሩ ላይ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ነበልባሉ በትከሻዋ ላይ ሲወጣ እሷ አላየችውም። ሮጬ ነጠላውን ገፍፌ በእግሬ ረገጥሁት። ከፀጉሯ ጫፍ ትንሽ ከመለብለቡ በቀር አልተጎዳችም፤ ግን የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ማድ ቤቱን ሞላው፤ ምን እንደሆነም ያኔ ነው የገባት።

ማታ አባቴ ሲመጣ ነገርሁት። ነጠላውን ገልብጦ ገልብጦ አየውና "ከዛሬ ጀምሮ እሳት አጠገብ እንዳትደርሺ" አላት።

"እሺ" አለች።

በሁሉም ነገር የምትከራከረው እናቴ "እሺ" ብቻ አለች። ከነጠላው መቃጠል ይልቅ ያስደነገጠኝ ያ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ማድ ቤቱ የእኔ ሆነ። የእኔ ወጥ ውሃውና ሽንኩርቱ የተጣሉ ወጥ ነበር። እናቴ ግን አንድም ቀን አልነቀፈችኝም። ትጎርስና "ተባረኪ" ትላለች። ሁለተኛ ጉርሻ ታነሣለች፤ ሦስተኛው ላይ እጇን ትሰበስባለች። ቀን ቀን ፀሐይ ያለበት ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ልብሷ እየሰፋት ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ሊጠይቋት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ልጅሽ አታበላሽም እንዴ?"

"ታበላኛለች። እሷ ምን በወጣት።"

"እና ምንድን ነው? ለእኔ ንገሪኝ እንጂ።"

እናቴ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሣችና መልሳ አስቀመጠቻቸው። "እነዚህን ምን ላድርጋቸው?" አለች። "ዓይኔስ ይሂድ፤ የወሰደው እግዜር ነው። እጆቼ ግን ደህና ናቸው። ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጠው ይውላሉ። ያሳዝኑኛል።"

ጎረቤታችን "አብሽሪ እህቴ" አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

አባቴ ቤት ውስጥ ነበር። ቅዳሜ የሚሠራው ግማሽ ቀን ስለሆነ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። እኔ ይህን ያወቅሁት እንግዳችን ከሄዱ በኋላ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ እናቴ ፊት ሲቆም ነው።

"እስቲ ተነሺ፣ ቁሚ" አላት።

"ምን ልሁን ብዬ?"

"ክንድሽን ዘርጊ።"

ዘረጋች። ሲባጎውን ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ለካና ቋጠሮ አሰረበት። ከክርኗ እስከ መዳፏ ለካ፤ ሌላ ቋጠሮ። ከመሬት እስከ ወገቧ ለካ።

"ቀሚስ ልታሰፋልኝ ነው?" አለችው።

"አዎ፣ ቀሚስ ነው" አለ አባቴ። "የብረት ቀሚስ።"

ኮምቦልቻ ውስጥ በር እና መስኮት የሚበይድ አንድ ወዳጅ ነበረው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አባቴ ከሥራ ሲወጣ ወደ ወዳጁ ቤት ጎራ እያለ መምጣት ጀመረ። ሸሚዙ እጅጌ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የበሳቸው ቀዳዳዎች ይታዩኝ ነበር። ስጠይቀው "ቆይ፣ ታይዋለሽ" ከማለት በቀር አይመልስም። እራት ላይ ግን ድንገት ተነሥቶ እናቴን ይጠይቃል፤ "ስታማስዪ ግራ እጅሽን የት ነው የምታደርጊው?" "እንጨት ስትከቺ በየትኛው ጉልበትሽ ነው የምትንበረከኪ?" እሷም እየተገረመች ትመልስለታለች። ከወራት በኋላ ስለ ወጥ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ምድጃው በአይሱዙ ተጭኖ ሐረጎን ወጥቶ የመጣ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መኪና ወደ እኛ ቤት አይገባም፤ መንገዱ ቀጭን የድንጋይ አቀበት ነው። ጎልማሶቹ በወፍራም አጣና ላይ አስረው፣ እያረፉና እየተቀባበሉ ተሸክመው አወጡት። ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው "ያረቢ! ይኼ ምድጃ ነው ወይስ ታንክ?" አሉ። እውነትም ታንክ ይመስል ነበር። በማድ ቤታችን በርም አልገባ አለ። አባቴ ዶማ አነሣና የጭቃውን ግድግዳ ከበሩ ጎን አፈረሰው፤ ምድጃው ሲገባ መልሶ መረገው።

እስቲ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እንደሱ ያለ ከዚያ በፊት አላየሁም። ከወፍራም ላሜራ የተሠራ ሳጥን ነው፤ ቁመቱ ከእናቴ ወገብ ትንሽ ዝቅ ይላል። እሳቱ ሳጥኑ ውስጥ ይዘጋል እንጂ አይታይም። እንጨት የሚከተትበት በር በግራ በኩል ነው፤ ምክንያቱም እናቴ የምታማስለው በቀኝ እጇ ነው። ድስት የሚጣደው ከላይ፣ ዝርግ ብረቱ ላይ ነው፤ ድስት ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ዙሪያውን ጠርዝ አለው። ጢሱ ከኋላ፣ በቀኝ ጥግ፣ በቱቦ ተስቦ በጣሪያው ይወጣል። ከፊት ለፊት፣ ከምድጃው ፈቀቅ ብሎ፣ የውሃ ቧንቧ ብረት እንደ አግዳሚ ተበይዷል። ያ ብረት አይሞቅም። እናቴ ሆዷን ደገፍ አድርጋበት ትቆማለች፤ ልብሷ ከእሳቱ አይደርስም። አግዳሚው ላይ ደግሞ አባቴ በብየዳ ትናንሽ ጉብታዎች አብቅሎበታል። አንድ ጉብታ ባለበት ፊት ለፊት ያለው የምድጃው ክፍል ከእሳቱ በላይ ነው፤ እጅግ ይፋጃል። ሁለት ጉብታ ያለበት መካከለኛ ነው። ሦስት ጉብታ ያለበት በቱቦው በኩል ነው፤ ወጥ በለሆሳስ የሚንተከተክበት፣ የተሠራም ሳይቀዘቅዝ የሚቆይበት።

እናቴ ጉብታዎቹን በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ወደ ግራ ተመለሰች። ጎረቤታችን ጠጋ ብለው "ማሻአላህ" አሉ ቀስ ብለው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ውርደት ነበር። አባቴ እሳቱን ለኮሰ፤ ጢሱ በቱቦው መውጣት ሲገባው ተመልሶ በበሩ መጣብን። ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ ወደ ታች ይገፋዋል። ሦስታችንም እያስነጠስንና እያለቀስን ወደ ግቢው ወጣን። እናቴ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ትስቅ ጀመር። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "ዓይን ያላችሁም አለቀላችሁ!" እያለች ሳቀች። አባቴ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኖ ቆሞ ያያታል። እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። በማግሥቱ ቱቦውን አስረዘመ፤ ጫፉ ላይ ነፋስ የሚመልስ የቆርቆሮ ቆብ አጠለቀለት፤ ጢሱም መንገዱን አወቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማንም አልነገረም፤ እኔ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ቤት በዋለበት ሳምንት ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ማድ ቤት ውስጥ የድስት ድምፅ ሰማሁ። በሩን ገፋ ሳደርግ አባቴ ዓይኑን በእናቴ ሻሽ ጥፍር አድርጎ አስሮ ምድጃው ፊት ቆሟል። አንድ እጁ አግዳሚው ላይ ነው። በሌላው እንጨት ለመክተት የበሩን መቀርቀሪያ ይፈልጋል። አገኘው፤ ከፈተ፤ ሲመለስ ክርኑ የበሩን ጠርዝ ነካ። "እህ" አለ ጥርሱን ነክሶ። ሻሹን ፈታ፣ በሩን ትኩር ብሎ አየው፣ ከዚያ መዶሻና መፍቻ አንሥቶ መቀርቀሪያውን ወደ ታች አወረደው። መልሶ ዓይኑን አሰረ። ክንዱ ላይ ሌላ ሁለት ቦታ ቃጠሎ ነበረው። እናቴን ሊያቃጥላት የሚችለውን ቦታ ሁሉ ቀድሞ በራሱ ገላ እየፈለገ ነበር። ሳላስታውቅ ወደ ኋላዬ ተመለስሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ነው የጀመረችው። አባቴ አጠገቧ ይቆማል፤ እኔ በሩ ላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያበሰለችው ምስር ነበር። ዘይቱን ጨምራ ሽንኩርቱን ስትገለብጥበት ጮኸ። እሷ ጆሮዋን አዘንብላ ታዳምጣለች። "አሁን ያለቅሳል" አለች። ጥቂት ቆይታ፣ "አሁን አለቃቀሱ በረደለት።" አሁንም ቆየች። "አሁን ሹክሹክታ ነው። በርበሬውን አቀብዪኝ።" እኔ ድስቱ ውስጥ እያየሁ ነበር፤ ሽንኩርቱ ልክ ወርቅማ መሆን ሲጀምር ነው የጠየቀችኝ።

የእጇን አንጓ አንድ ጊዜ ጠርዙ አቃጠላት። እኔ ጮኼ ማማሰያውን ልቀማት ስል አባረረችኝ።

"አንቺ ወጥ ስትሠሪ አትቃጠዪም?"

"እቃጠላለሁ።"

"ዓይንሽ እያየ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ሂጂና ቅባት አምጪልኝ፤ ማማሰያውን ግን ተይ።"

የዚያን ቀን ምስር ጨው በዝቶበት ነበር። ሦስታችንም ድስቱን ጠርገን በላነው።

በጥቂት ወራት ውስጥ የምድጃውን ጠባይ እንደ ሰው ጠባይ አወቀችው። ብረቱ ላይ የውሃ ጠብታ በጣቷ ትረጭና ጠብታው ሲሽከረከር ከሚያሰማው ድምፅ ሙቀቱን ታውቃለች። ባሕር ዛፍ ከሆነ ቶሎ ነድዶ ቶሎ ይከስማል ትላለች፤ ለቁሌት እሱን ትከታለች። ለሚንተከተክ ወጥ ደግሞ አባቴ ከታች ከቆላው፣ ከሐርቡ በኩል የሚያስመጣላት ግራር አለ፤ ፍሙ ረጅም ዕድሜ አለው። እንጨቱን በሽታው ትለየዋለች። የድስቱ ክዳን ሲንቀጠቀጥ ወጡ ውሃ ያነሰው ይሁን የበዛው ታውቃለች። ጨውን መጀመሪያ መዳፏ ላይ አፍስሳ በአውራ ጣቷ ትመዝነዋለች። ሽሮ፣ ጎመን በድንች፣ ቅንጬ፣ በዓል ሲሆን ዶሮ፤ ሁሉም በዚያ ብረት ላይ ተሠራ። እንጀራውን ከጎረቤት እናስጋግራለን፤ ወጡ ግን የእሷ ነው። ገላዋም ተመለሰ፤ ክርክሯም እንዲሁ።

ከሁሉ የማልረሳው የጎረቤታችን ልጅ ኒካህ የታሠረበትን ቀን ነው። ጎረቤታችን ከሳምንት በፊት መጥተው እናቴ አጠገብ ተቀመጡ።

"የክርስቲያኑን ወጥ የምትሠሪልኝ አንቺ ነሽ" አሉ።

በእኛ አገር ድግስ ሙስሊሙ እንግዳ የራሱ እርድና ድስት፣ ክርስቲያኑም የራሱ አለው፤ ይህ ያለና የኖረ ነው። እናቴ ግን "እታለም፣ ዓይን ያላት ፈልጊ" አለች። "የሰው ሠርግ ላበላሽ?"

"ወላሂ ሌላ ሴት ማማሰያ አታነሣልኝም! ዓይንሽን መቼ ፈለግሁት? እጅሽን ነው።"

እናቴ እሺ አለች። ቀኑ ደርሶ በጎረቤታችን ግቢ ሸራ ተወጥሮ፣ ጉልቻ ተጎልቶ፣ ሴቶች ከማለዳ ጀምሮ ጉድ ጉድ ይላሉ። የክርስቲያኑን ሁለት ድስት እናቴ በራሷ ምድጃ ላይ ጥዳ በእኛ በኩል ትሠራለች። የወንዱ ወገኖች ከኮምቦልቻ መነሣታቸው በስልክ ተነግሯል።

ረፋድ ላይ ሰማዩ ተደፋ። በረዶ ነበር፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምንነጋገረው አይሰማም። ሸራው ክብደቱን አልቻለም፤ መሐሉ ረግቦ ረግቦ ተቀደደና የያዘው ውሃና በረዶ በሙሉ ጉልቻዎቹ ላይ ፈሰሰ። እሳቱ ፉጨት አሰምቶ ጠፋ። የተከመረው እንጨት ራሰ። መብራትም የለም። ወጡ ደግሞ ገና ስጋው ያልገባበት ቁሌት ነው። ጎረቤታችን ነጠላቸው በውሃ ተጣብቆባቸው በአጥሩ በር ወደ እኛ ግቢ ሲሮጡ አየኋቸው።

"ጉድ ሆንኩ! እንግዶቹ ሐረጎን ጀምረዋል! ምን አቀርባለሁ?"

እናቴ ምድጃው ፊት እንደቆመች ፊቷን እንኳ አላዞረችም። "ድስቶችሽን አምጪ" አለች። "ከነሴቶችሽ።"

ማድ ቤታችን ውስጥ አባቴ ግድግዳውን ተከትሎ ደረቅ እንጨት ይደረድርላት ነበር፤ አልራሰም። ሴቶቹ ድስት ተሸክመው ገቡ። እናቴ የራሷን ሁለት ድስት ወደ ግራ ሰብስባ ለሙስሊሙ ድስት ቀኙን ለቀቀች። "ማማሰያ እንዳይቀላቀል" አለች ቆጣ ብላ። "የናንተ ማማሰያ በናንተ እጅ ይቆይ። እኔ ድስታችሁን አልነካም።" እውነትም አልነካችም። ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ በጆሮዋ ትመራቸው ጀመር።

"ያ በቱቦው በኩል ያለው፣ ውሃ እያነሰው ነው። ጨምሩለት።"

"ይኼኛው ይበቃዋል፤ ወደ ሦስቱ ጉብታ ግፉት። ሌላውን ወደ አንዱ አምጡ።"

"ስጋው ገባ? እንግዲያ አትክደኑት፤ ትንሽ ይተንፍስ።"

ማድ ቤቱ በሴት ተሞልቶ መላወሻ የለውም። እኔ እንጨት እከታለሁ። ጎረቤታችን እየተሯሯጡ "ምን ትላለች? ምን አለች?" ይላሉ። መሐል ላይ እናቴ ድንገት አፍንጫዋን አቀናች።

"የእኔ አሊጫ አሯል" አለች።

ሁላችንም አሸተትን። ምንም የሚሸት ነገር አልነበረም። እኔ በማንኪያ ቀምሼ "ኧረ ምንም አልሆነም! እጅ ያስቆረጥማል" አልሁ።

"ከታች ይዟል። እንግዳ ፊት አይቀርብም።"

"ማንም አያውቀውም!"

"እኔ አውቄዋለሁ።"

አሊጫውን አወረድነው። ክርስቲያኖቹ እንግዶች የዚያን ቀን ቀይ ወጥ ብቻ በሉ፤ አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። የሙስሊሙ ወጥ ትኩስ ትኩሱን፣ በረዶው መንገድ ላይ ያዘገያቸው እንግዶች ገብተው እጃቸውን ሲታጠቡ ነው የደረሰ። ከምግብ በኋላ ጎረቤታችን የወንዱን ወገን አዛውንት ይዘው ማድ ቤታችን ድረስ መጡ። አዛውንቱ በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብለው ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። "አላህ እጆችሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጄ" አሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ "አሜን" አለች። አባቴ ከውጭ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በረዶው ያጣመመውን የቱቦ ቆብ እያቃና ነበር፤ ውዳሴውን አልሰማም።

ከአዛውንቱ ጋር የመጣ አንድ የሐርቡ ሰው ግን ምድጃውን ትክ ብሎ ሲያየው ቆይቶ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣና ከአባቴ ጋር ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ሚስቱ በሕመም ዓይኗን ማጣቷን፣ ሁለት ትናንሽ ልጆች እንዳሏቸው፣ እሱ እርሻ ሲውል ልጆቹን የምታበላቸው እህቱ እንደሆነች ነገረው። አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቁመቷ ስንት ነው?"

ሰውየው እጁን አንሥቶ ትከሻው ጋ አሳየው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ አይሆንም" አለ። ሲባጎ አውጥቶ ሰጠው፤ የት የት መለካትና የት መቋጠር እንዳለበት አሳየው።

ሁለተኛው ምድጃ ሲያልቅ እኛም አብረን ወደ ሐርቡ ወረድን። እናቴ እዚያ ሄዳ አታውቅም። ሙቀቱ ከመኪና ስንወርድ ፊታችን ላይ መጣ። እዚያ አገር ምድጃ ቤት ውስጥ ማስገባት የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ከቤቱ ጎን ባለ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተከሉት። ሚስትየው ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ልጆቿን በሁለት ጎኗ ይዛ ቆማለች። እናቴ እጇን ስትይዛት አለቀሰች።

"እኔ እንደ እርስዎ አይደለሁም እማማ" አለች። "እኔ እፈራለሁ።"

"እኔም ያኔ እንደ አሁኔ አልነበርሁም" አለቻት እናቴ። "ነይ፣ ልጄ፣ ቅረቢ። ይኼን ብረት ያዢው፤ ይኼ አያቃጥልም። ሆድሽን አስጠጊ። እንዲያ ነው። አሁን እጅሽን ከፍ አርገሽ ከላዩ ላይ ዘርጊው። ወደዚህ አምጪው... ወደዚያ። የት ጋ ነው የሚበረታው?"

"እዚህ ጋ።"

"ከታችሽ ስንት ጉብታ አለ?"

ሴትየዋ በጣቷ ዳሰሰች። "አንድ።"

"አየሽ፣ ብረቱ ነገረሽ።"

የዚያን ቀን የቲማቲም ስልስ ሠራች። እናቴ ከኋላዋ ቆማ እጆቿን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር፤ ማማሰያውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልነጠቀቻትም። ሽንኩርቱ ሲጮህ ሴትየዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። "ተዪው ይጩህ" አለቻት እናቴ፤ "ዝም ሲል ነው የምትፈሪው።" ሰውየው አባቴ አጠገብ ቆሞ፣ ክንዱን አጣጥፎ ሚስቱን ያያል። ስልሱ ሲደርስ ልጆቹ ዙሪያውን ተኮልኩለው በሉ፤ ታናሽየው አፉን በቲማቲም አቅልቶ ጨምሪልኝ አላት። ጨመረችለት፤ የሣህኑን ጠርዝ በጣቷ ፈልጋ፣ ምንም ሳታፈስ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና አገኘን። አባቴና እናቴ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው። ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንጀምር አየሩ ቀዘቀዘ፤ አባቴ ኮቱን ለእናቴ ደረበላት። ከዚያ እናቴ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"የእንጨት መክተቻውን በር ትንሽ ሰፋ አድርገው" አለችው። "የሐርቡ እንጨት ጠማማ ነው፤ ስትከት ተቸግራለች። የሚቀጥለውን ስትሠራ ማለቴ ነው።"

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። "የሚቀጥለው አለ እንዴ?"

"ወሬው አይቀርማ" አለች።

አልቀረም። እኔ ቆይቶ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቼ እዚያው ቤት እስክይዝ ድረስ፣ አባቴ ያንን በያጅ ወዳጁን እየረዳ ሌሎችም ሠራ፤ አንዱን ለደሴ ዙሪያ ሰው፣ አንዱን እዚያው ሰፈራችን ለነበሩ አንዲት መነኩሲት። የሁሉም መክተቻ በር ከእኛው ይሰፋል።